«ሰዓቴ ሞልቷል፣ ነጥቤ ግን ዝቅ ብሏል»

ባለፈው እትም ፊዚሺያን አሲስታንት፣ በተለምዶው ፒኤ፣ መሆኔን በጨረፍታ ጠቅሼ ነበር። ከሐኪሞች ጋር በቡድን እየሠራ ታማሚ የሚመረምርና መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የሚመጡልኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለዚሁ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ፒኤ ትምህርት ቤት መግባት የሚፈልጉ ልጆች ጽፈውልኛል። ወላጆቻቸውም ጽፈዋል። አገር ቤት በሕክምና ሠርተው የመጡም አሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መመለስ ስለማልችል ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ ቆይቻለሁ። ጸሐፊዋ አሁን ያለችበት ቦታ እኔም ነበርኩበት።

ጥያቄ

«ውድ እህቴ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ዕድሜዬ 27 ነው። በባዮሎጂ ዲግሪ አለኝ፤ ጂፒኤዬ 3.2 ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ዓመት እየሠራሁ ስለተማርኩ ኬሚስትሪ ላይ ሲ አምጥቻለሁ። በኋላ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ደግሜው ኤ አገኘሁ። ሦስት ዓመት ነርሲንግ ሆም ውስጥ በሲኤንኤነት (በነርስ ረዳትነት) ሠርቻለሁ፤ በሳምንት ሦስት ባለ 12 ሰዓት ሺፍት። አምና አምስት ትምህርት ቤት አመልክቼ አንዱም ለኢንተርቪው አልጠራኝም። ሰው ሁሉ ‹ሲኤንኤ ምንም አይደለም፣ ሌላ ነገር ሥሪ› ይለኛል። ሰዓቴ ሞልቷል፣ ነጥቤ ግን ዝቅ ብሏል። ምንድን ነው የጎደለኝ? ሰ.»

መልስ

ሰ.፣ «ሲኤንኤ ምንም አይደለም» ያለሽን ሰው አትስሚው። ይህ ሙያ ራሱ የተወለደው ታማሚ አልጋ አጠገብ ቆመው ከሠሩ ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ዶክተር ዩጂን ስቴድ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመጀመሪያውን የፒኤ ፕሮግራም ሲከፍቱ የተቀበሏቸው አራት ሰዎች ነበሩ። ባሕር ኃይል ውስጥ በሕክምና ረዳትነት ያገለገሉ ናቸው። ሦስቱ በ1967 ተመረቁ። ዛሬም ማመልከቻው ላይ የታማሚ እንክብካቤ ልምድ ለብቻው የሚጠየቀው ከዚያ በመጣ ልማድ ነው።

ሰዓትሽን አብረን እናስላው። በሳምንት 36 ሰዓት፣ በዓመት 50 ሳምንት ብንል፣ በሦስት ዓመት 5,400 ይመጣል። አንዳንዱ ፕሮግራም 500 ይጠይቃል፣ አንዳንዱ 1,000፣ አንዳንዱ 2,000። ያንቺ ሞልቶ ፈሷል። ስለዚህ ተጨማሪ ሺፍት መውሰድ አቁሚ። ይህን አጥብቄ ነው የምነግርሽ። 5,400 ያልከፈተልሽን በር 6,000 አይከፍትልሽም። ያ ጊዜ ለሌላ ነገር ያስፈልግሻል።

ነጥብሽ ላይ እውነቱን ልንገርሽ። ብዙ ፕሮግራሞች ዝቅተኛ መስፈርታቸው 3.0 ነው። በ3.0 ይገባል ማለት ግን አይደለም። የሚገቡት ተማሪዎች አማካይ ውጤት ከ3.5 ከፍ ይላል። ደግሞ ብዙ ልጆች ዘግይተው የሚሰሙት ነገር አለ። ኮሌጅሽ ትራንስክሪፕት ላይ ሲው በኤ ተተክቶ ሊሆን ይችላል። ካስፓ ግን አይተካም። ካስፓ ማለት ማመልከቻሽን ተቀብሎ ለመረጥሻቸው ትምህርት ቤቶች የሚያደርሰው ማዕከላዊ ሲስተም ነው፤ ሁለቱንም ውጤት ይቆጥራል። የሲውና የኤው አማካይ 3.0 ይሆናል እንጂ 4.0 አይሆንም። ስለዚህ እስከዛሬ የወሰድሽውን ኮርስ በሙሉ፣ የደገምሽውንም፣ ወረቀት ላይ ደርድሪና ራስሽ አስይው። አንቺ ጂፒኤዬ የምትዪው ቁጥርና እነሱ የሚያዩት ቁጥር ላይገናኙ ይችላሉ።

ቁጥሩ ደግሞ ቶሎ አይነሳም። 120 ክሬዲት በ3.2 ካለሽ፣ ሌላ 24 ክሬዲት ሙሉ ኤ ብታመጪ 3.33 ነው የሚሆነው። ይህን ሰምተሽ እንዳትሰበሪ። ካስፓ ውጤቱን በየዓመቱ ከፋፍሎም ያሳያል። ከዲግሪ በኋላ የወሰድሽው ለብቻው ይታያል። መጀመሪያ ዓመት 2.7፣ ከዲግሪ በኋላ 4.0 ያየ አንባቢ «ይህቺ ልጅ አሁን ከባድ ትምህርት ትችላለች» ይላል። እነሱም በዋናነት የሚፈሩት ገብተሽ እንዳትወድቂ ነው። ስለዚህ እንደ ባዮኬሚስትሪ፣ ጀነቲክስ፣ ማይክሮባዮሎጂ ያሉ ጠንከር ያሉ ኮርሶች ውሰጂ፤ ቀላል ኮርስ ነጥብ ማንሻ አታድርጊ። በአንድ ሴሚስተር ሁለት ወይም ሦስቱን አንድ ላይ ብትወስጂ ደግሞ የተሻለ ይናገርልሻል። ተጨማሪ ሺፍት አትውሰጂ ያልኩሽም ለዚሁ ነው።

መቼ እንዳመለከትሽ አልነገርሽኝም። እኔ መጀመሪያ ያመለከትኩት ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ነበር። ዴድላይኑ ኦክቶበር 1 ስለሆነ ቀድሜያለሁ ብዬ። ስድስት ትምህርት ቤት አመልክቼ አንዱም አልጠራኝም። ካስፓ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ይከፈታል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻው በገባ ቁጥር እያነበቡ ኢንተርቪው ይጠራሉ፣ ቦታም ይሰጣሉ። እኔ ስገባ ወንበሩ አብዛኛው ተይዟል። በዚያ ላይ ካስፓ ትራንስክሪፕት አረጋግጦ እስኪጨርስ ሳምንታት ሊሄድ ይችላል። በዓመቱ ጁን መጀመሪያ ላይ አስገባሁ። ሦስት ቦታ ተጠራሁ፣ አንዱ ተቀበለኝ። ነጥቤ ብዙም ሳይለወጥ።

የተለወጠው ግን ቀኑ ብቻ አልነበረም። ጽሑፌም ተለውጧል። ዋናው የማወራሽ ስለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ጽሑፌ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወዳለሁ» ብሎ ይጀምር ነበር። ውሸት አይደለም። ግን ማንም ሊጽፈው ይችላል። ሻዶው የማደርጋት፣ ማለትም አጠገቧ ቆሜ ሥራዋን የምከታተላት፣ አንዲት ፒኤ አነበበችውና «አንቺ የታለሽ?» አለችኝ። «ሦስት ዓመት ነርሲንግ ሆም ሠርተሽ አንድ ታማሚ የለም እዚህ ውስጥ።» ዝም አልኩ። ሲኤንኤነቴን ሆን ብዬ ትቼው ነበር። ዳይፐር መቀየር፣ ማገላበጥ፣ ማጉረስ ለማስተርስ ማመልከቻ የሚመጥን አልመሰለኝም።

ከዚያ ስለ አንድ ጠዋት ጻፍኩ። ሲነጋ ሁልጊዜ ጋዜጣ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ነበሩ። ከሁሉም ቀድመው ተላጭተው ይቀመጣሉ። ጋዜጣው ከዘገየ ይቆጣሉ። ያን ቀን ሳቀብላቸው ዘቅዝቀው ያዙት። ስሜንም ሳቱ። ትኩሳት የላቸውም። ለነርሷ ስነግራት «አርጅተዋል፣ እንቅልፍ አጥተው ነው» አለችኝ። ልቤ አላመነም። ተመልሼ ገባሁና ትንፋሻቸውን በእጅ ሰዓቴ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ። 28። ሌላ ቀን 16 ነበር የምጽፈው። ኦክስጅናቸውም ዝቅ ብሎ 89 በመቶ ነበር። ያን ይዤ እንደገና ሄድኩ። ፒኤው ተጠራ። ገብቶ መጀመሪያ ያናገረው እኔን ነው፤ «ትናንት እንዴት ነበሩ?» አለኝ። የጋዜጣውን ነገር ነገርኩት። ስቴቶስኮፑን ጀርባቸው ላይ አድርጎ በቀኝ በኩል ታችኛውን ቦታ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ለእኔም አሰማኝ። የሳንባ ምች ነበር። አዛውንት ላይ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት፣ በመደናገር ብቻ ሊጀምር እንደሚችል ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ፒኤ ልሁን ብዬ የወሰንኩትም ያን ቀን ነው። ዘቅዝቀው የያዙትን ጋዜጣ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ ግን አላውቅም ነበር። ያንን ማወቅ ፈለግኩ።

ሁለተኛው ጽሑፌ ይህ ነበር። ስም፣ የክፍል ቁጥርና ቀን አላስገባሁም። የታማሚ ምስጢር ማመልከቻ ላይም ምስጢር ነው፣ ይህን ተጠንቀቂ። ካስፓ የሚፈቅድልሽ ባዶ ቦታውን ጨምሮ 5,000 ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ታማሚ ይበቃሻል። ሕይወትሽን በሙሉ፣ ከአገር የወጣሽበትን ጀምሮ፣ አንድ ላይ አትጠቅጥቂው።

5,400 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለ ጠዋት የለም እንዳትዪኝ። ዛሬ ከሺፍት ስትመለሺ ደብተር አውጪ። ምን አየሽ? ምን አደረግሽ? ከዚያ ምን ሆነ? ሦስት መስመር ይበቃል። በየቀኑ ከጻፍሽ በሁለት ወር ውስጥ ከጽሑፍም ከኢንተርቪውም የሚተርፍ ይኖርሻል።

ኢንተርቪው ካልኩ አይቀር፣ የእኛ ልጆች ላይ ደጋግሜ ያየሁትን ልናገር። የተማርኩበት ትምህርት ቤት አመልካቾችን ሲጠይቅ ተመራቂዎችን ይጋብዛል፤ እኔም ጥቂት ጊዜ ተቀምጫለሁ። የእኛ ልጆች «እኔ» ማለት ይከብዳቸዋል። «እንዲህ አደረግን፣ እንዲህ ተባለ» ይላሉ። ያደግንበት ነው። ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ጠያቂው ግን አንቺ ምን እንዳደረግሽ ካልሰማ የሚጽፈው ነገር የለውም። «ትንፋሻቸውን ቆጠርኩ» ማለት ጉራ አይደለም። የሆነውን መናገር ነው። ስትሳሳቺ ደግሞ «ተሳሳትኩ፣ እንዲህ አስተካከልኩ» በዪ። ትሕትና እዚያ ላይ በደንብ ይታያል። ቤትሽ ቁጭ ብለሽ፣ ጮክ ብለሽ፣ በእንግሊዝኛ «እኔ» እያልሽ ተለማመጂ። ለጓደኛሽ ንገሪያት።

አማርኛ መቻልሽንም ጻፊ። ትልቅ ነገር ነው። ግን «ለሐኪሙ አስተረጎምኩ» ብለሽ በኩራት እንዳትጽፊ። ሆስፒታሎች ብቁ አስተርጓሚ እንዲጠራ ይጠይቃሉ፤ አንባቢው ደንብ የጣስሽ ሊመስለው ይችላል። አንዲት እናት ነገሩ እንዳልገባቸው አስተውለሽ የአስተርጓሚ ስልክ እንዲደወል ያደረግሽበት ቀን ካለ፣ እሱን ጻፊ።

ሪኮመንደሽን ላይ ይሉኝታ ብዙ ልጅ ጎድቷል። የቤተሰብ ወዳጅ የሆነ ዶክተር «እኔ እጽፍልሻለሁ» ይላል፤ እምቢ ማለት ያሳፍራል። ሥራሽን አይቶ ካላወቀ ግን የሚጽፈው «ጥሩ ልጅ ናት» ብቻ ነው። አመስግነሽ ተዪው። አብራሽ የሠራች ነርስ ወይም ሱፐርቫይዘር፣ ሻዶው ያደረግሻት ፒኤ፣ በቅርብ ያስተማረሽ አስተማሪ ይሻላሉ። ስትጠይቂ ደግሞ «ደብዳቤ ይጽፉልኛል?» አትበዪ። «ጠንካራ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» በዪ። ካመነቱ ሌላ ሰው ፈልጊ። ማርች ላይ ጠይቂ፤ ሜይ ላይ ሰው ሁሉ ይጣደፋል።

የምታመለክቺበትንም ምረጪ። አምስት ትምህርት ቤት ጥቂት ነው። ሁሉም የ3.8 ተማሪ የሚወስዱ ከነበሩ ደግሞ ለአንቺ አንድም አልነበረም ማለት ነው። ለልምድ ትልቅ ክብደት የሚሰጡና የመጨረሻ 60 ክሬዲት ውጤት የሚመለከቱ አሉ፤ ድረ ገጻቸው ላይ ይጽፉታል። አንድ በአንድ አንብቢ። ፕሮግራሙ ኤአርሲ ፒኤ ከሚባለው የፒኤ ትምህርት ቤቶች ዕውቅና ሰጪ አካል ዕውቅና ያለው መሆኑን፣ በማስጠንቀቂያ ላይም አለመሆኑን አረጋግጪ። ተመራቂዎቹ ፓንስ የሚባለውን ብሔራዊ ፈተና ስንት በመቶ እንደሚያልፉና ስንቱ እንደሚያቋርጥ ማሳወቅ ግዴታቸው ነው። ቁጥሩን ፈልጊ።

ጥያቄ

«እህቴ ሆይ፣ ዕድሜዬ 41 ነው። አገር ቤት በጤና መኮንንነት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ቨርጂኒያ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው። አሁን ፋርማሲ ውስጥ ቴክኒሺያን ነኝ። አገር ቤት ሳለሁ የሠራሁትን ሥራ እዚህ ፒኤዎች ሲሠሩ አያለሁ። ያለ ትምህርት ቤት ፈተናውን ብቻ መውሰድ አይቻልም ወይ? ዕድሜዬስ አልፏል?»

መልስ

ወንድሜ፣ የሚያዩት ትክክል ነው። ጎንደር ላይ የጤና መኮንኖች ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ከዱክ 11 ዓመት ቀድሞ። ሐኪም በሌለበት መርምሮ የሚያክም ባለሙያ ማሠልጠን አገራችን ቀድማ የገባችበት ነገር ነው። ይህን ኢንተርቪው ላይ ቀና ብለው ይናገሩ።

ፈተናው ላይ ግን አቋራጭ የለም። ፓንስ የሚፈተነው ዕውቅና ካለው የአሜሪካ ፒኤ ፕሮግራም የተመረቀ ብቻ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ሙሉ ሐኪምም ቢሆን ያው ነው። መራራ መሆኑን አውቃለሁ። ገንዘብዎን ሌላ መንገድ አለ ለሚል ሰው እንዳይሰጡ ስል ነው በግልጽ የምነግርዎ።

ዕድሜዎ አላለፈም። የዕድሜ ገደብ የለም። ገደብ ያለው ኮርሶቹ ላይ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ከአምስት ወይም ከአሥር ዓመት በፊት የተወሰደ ኮርስ አይቀበልም። ብዙዎቹ ደግሞ አናቶሚና ፊዚዮሎጂን፣ ኬሚስትሪንና የመሳሰሉትን እዚሁ አሜሪካ እንዲወስዱ ይፈልጋሉ። ትራንስክሪፕትዎን እንደ ወርልድ ኤዱኬሽን ሰርቪስስ ባለ ድርጅት ያስገምግሙ፤ ከዚያ ምን እንደጎደለ ቆጥረው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይግቡ። ስምንት ዓመቱን የሚቆጥሩም የማይቆጥሩም አሉ። በስልክ አይጠይቁ። ኢሜይል ይጻፉ፣ መልሱንም ያስቀምጡ።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከፋርማሲው ወደ ታማሚ የሚያቀርብ ሥራ እቀይር ነበር። የሕክምና ረዳት ወይም የሆስፒታል ቴክኒሺያን። ደመወዙ ላይበልጥ ይችላል። ነገር ግን እዚህ አገር የሚያውቅዎ፣ ሥራዎን አይቶ የሚመሰክርልዎ ሰው የሚያገኙት እዚያ ነው።

ጥያቄ

«ልጄ ኮሌጅ ልትጨርስ ነው። ጎበዝ ናት። ፒኤ ነው የምሆነው አለችን። እኛ ዶክተር ትሆናለች ብለን ነበር። ‹ረዳት› ሆና ልትቀር ነው? አባት ነኝ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

መልስ

አባባ፣ ይቅርታ የሚያስብል ነገር የለውም። ስሙ ያሳስታል። የሙያ ማኅበሩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 «ፊዚሺያን አሶሺየት» በሚል እንዲተካ ወስኗል፤ አሮጌው ስም ግን እስካሁን በብዙ ቦታ አለ። ፒኤ ታማሚ ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምና ላይ ያግዛል። ከሐኪሞች ጋር በቡድን ነው የሚሠራው፤ ዝርዝሩ በየስቴቱ ሕግ ይለያያል። ትምህርቱ ከዲግሪ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው። ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ፣ ለምሳሌ ከድንገተኛ ወደ ቆዳ ሕክምና፣ እንደገና ለዓመታት ሳይማሩ መዛወር ይቻላል። እኔ ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ።

«ለምን ዶክተር አልሆንሽም?» የሚለውን እርስዎ ብቻ አይደሉም የሚጠይቋት። ኢንተርቪው ላይ በእርግጠኝነት ትጠየቃለች። «ዶክተርነት ረጅም ስለሆነ» ብላ ከመለሰች ይጥላታል። ስለዚህ እርስዎ አስቀድመው ይጠይቋት። ሳይቆጡ፣ መልሱን ሳይቆርጡ። አንድ ፒኤ ዘንድ ቆማ አይታ ከሆነ፣ ምን እንዳየች ያስነግሯት። አላየሁም ካለች ደግሞ ማመልከቻው ይቆይና ሻዶው ታድርግ።

አንድ የቤት ጉዳይ ልጨምር። ትምህርቱ ሲጀመር መሥራት አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ብዙ ፕሮግራሞችም አጥብቀው ይከለክላሉ። አሁን የቤት ኪራይ የምታግዝ ከሆነ፣ ወይም በየወሩ አገር ቤት የምትልክ ከሆነ፣ እሱ ይቆማል። ለአያቷም፣ ለአክስቷም አስቀድመው እርስዎ ቢነግሩላት ይሻላል። እሷ ልትናገር አትደፍርም። ዜግነት ካላት ናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮር የሚባለውን የመንግሥት ስኮላርሺፕ ትይ። የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፣ ወርሃዊ መተዳደሪያም ይሰጣል። በምትኩ ሐኪም ባነሰበት አካባቢ ቢያንስ ሁለት ዓመት ታገለግላለች። ማመልከቻው ከትምህርት ቤቱ የተለየ ነው፣ የራሱ ቀንም አለው።